የኢታኖሏ ፒክ

ያን ቀን ከኤንኤምአር (ሞለኪውሎችን በማግኔት ከሚለየው መሣሪያ) ክፍል እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። በግራፉ መስፈሪያ (ፒፒኤም) 1.2 አካባቢ ሦስት ጥርስ ያላት ፒክ፣ ማለትም ሾጣጣ ጉብታ፣ ቆማለች። ኢታኖል! ያውም ያለ አንዳች የብረት ዓይነት፣ ናይትሮጅን ባስገባሁበት ካርቦን ብቻ።

ለምን እንዳስፈነጠዘኝ ልንገራችሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ በመቀየር የታወቀው መዳብ ነው። መዳብ ግን መራጭ አይደለም። ሚቴኑን፣ ኤትሊኑን፣ ኢታኖሉን ደበላልቆ ይሰጣል። ተራ ካርቦን ደግሞ ለዚህ ሥራ ዳተኛ ነው፤ ከአተሞቹ ጥቂቶቹ በናይትሮጅን ሲተኩ ነው የሚነቃው። በ2016 የወጣ ጥናት ናይትሮጅን የገባባቸው የግራፊን (የስስ ካርቦን ንጣፍ) ቅንጣቶች ኤትሊንና ኢታኖል እንደሚሰጡ አሳይቶ ነበር። እኔም በዚያ ተስቤ ነው የገባሁበት። ችግሩ፣ አንድ ኢታኖል 12 ኤሌክትሮን ይፈልጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በ2 ያልቃል። አብዛኛው ካታሊስት (ምላሹን የሚያፋጥነው ነገር) እዚያው ላይ ይቆማል።

አማካሪዬ ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ፣ «በአርጎን ሞክረሽዋል?» አሉኝ።

አልሞከርኩም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ዘግቼ አርጎን፣ ከምንም ጋር የማይዋሃደውን ጋዝ፣ ለቀቅሁ። ነዳጅ የሚሆን ጥሬ ዕቃ የለም ማለት ነው። ፒኳ ግን እንደቆመች ናት፤ ንቅንቅ አላለችም!

ጥፋተኛው ሙጫው ሆኖ ተገኘ። የካርቦኑን ዱቄት ኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ዘንግ) ላይ የማጣብቅበት የናፊዮን ፈሳሽ አልኮል አለበት። እኔ ደግሞ ቸኩዬ በደንብ ሳይደርቅ ከትቼዋለሁ። የሁለት ሳምንት ደስታዬ ከጠርሙስ የመጣ ነበር። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም መጠርጠር ጀመርኩ። ከማዶ ያቆምኩት ኤሌክትሮድ ፕላቲነም ነው። ፕላቲነም ቀስ እያለ ይሟሟና ካርቦኑ ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ በግራፋይት ዘንግ ቀየርኩት። ካርቦኔን ያዘጋጀሁበት ግራፊን ኦክሳይድ የተሠራው በፖታሲየም ፐርማንጋኔት ስለሆነ ማንጋኒዝ፣ እሱም የብረት ዓይነት፣ ሊቀርበት ይችላል። ደጋግሜ በአሲድ አጠብኩት። «ብረት አልባ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማስመስከሩ ነው ጉዱ።

ኢታኖሏ ጠፋች። 8.4 አካባቢ ግን ከዚህ በፊት ልብ ያላልኳት አንዲት ትንሽ ፒክ ነበረች። ፎርሜት፣ የፎርሚክ አሲድ ጨው። 2 ኤሌክትሮን ብቻ የምትፈልግ፣ ለነዳጅ ሴል የምትሆን፣ ግን እንደ ኢታኖል የማታስጨፍር። በአርጎን ስሞክር የለችም። በመጨረሻ ውዱን ጋዝ፣ ካርቦን 13 ያለበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለቀቅኩባት። ካርቦን 13 ከተራው ካርቦን የከበደ ነው፤ አጠገቡ ያለውን የሃይድሮጅን ፒክ ለሁለት ይከፍላል። ፎርሜቷ ከሱ ከተሠራች ፒኳ ለሁለት መሰንጠቅ አለባት።

ተሰነጠቀች። ግራና ቀኝ፣ እኩል። በዚህኛው ቀን አልሮጥኩም፤ መጀመሪያ አርጎኑን እንደገና ለቀቅኩ።