አምስት መቶዎቹ

ዛሬ ሮም ውስጥ፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሥፍራ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» የተባለው ለምን እንደሆነ ቡና የቀዳልኝን ወጣት ጠየቅሁት። ጥቂት አሰብ አድርጎ «በመኪናዋ ስም ይሆናል» አለኝ፤ አዲስ አበባም የምታውቃትን ትንሿን ፊያት 500 ማለቱ ነበር።

አምስት መቶዎቹ ግን እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ወደ ሮም የመጣሁበት ስብሰባ በጊዜ ስላለቀ ከተማዋን በእግሬ ስዞር፣ መታሰቢያቸውን ከጣቢያው ብዙም ሳልርቅ ዛፍ በከበባት ትንሽ መናፈሻ ውስጥ አገኘሁት፤ ከላይ ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል፣ ከሥሩ የሟቾቹ ስም በተርታ ሰፍሯል። ጎንበስ ብዬ ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልሁ ሳነብ፣ አጠገቤ አንድ መንገደኛ ሻንጣውን ተንተርሶ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ እንዳልቀሰቅሰው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

የእኛዎቹስ? በዚያ ዕለት ከአሉላ ጋር ዘምተው ያልተመለሱት ሰዎች ስም እንዲህ በተርታ ተጽፎ አንድም ቦታ አይቼ አላውቅም። አገራቸውን ጠብቀው የወደቁትን፣ የማን ልጅ እንደነበሩ እንኳ ሳላውቅ፣ በጠላታቸው መታሰቢያ ሥር ቆሜ ማሰቤ ከልቤ አሳዘነኝ።