ገብሱ ግን የኔ ነው

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ታቦር ተራራ ሥር። አደን ሲባል የማውቀው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ከጀልባ የሚወርደውን ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ ብቻ ነበር። ከዚያ ለውጭ አገር አዳኞች መኪና የመንዳት ሥራ አገኘሁ። ሹፌር ተብዬ ተቀጠርኩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ድንኳን ተካይ፣ አስተርጓሚና እንጨት ለቃሚም ሆኜ አረፍኩት።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሙነሳ ጫካ ጫፍ ላይ ነው። ከሐዋሳ ሻሸመኔን አልፋችሁ አርሲ ነገሌ ስትደርሱ በስተቀኝ ወደ ተራራው ትታጠፋላችሁ። ዝግባው ሰማይ ይነካል፤ ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ያያችኋል። ደግሞ ጫካው ሲያልቅ ወዲያው ገብስ ይጀምራል። መሃላቸው የእሾህ አጥር እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ደንበኛችን ጀርመናዊ ነበር። ስልሳን ያለፈ፣ ዝምተኛ ሰው። ፈቃዱ ለአንድ ወንድ የምኒልክ ድኩላ ነው፤ ያ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተሰየመው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላው። ከእኛ ጋር የመንግሥት ስካውት፣ ማለት የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ አለ። ዱካ የሚከተሉልን ደግሞ የአካባቢው ሰው የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው።

ድኩላው ጎህ ሲቀድ ከጫካው ወጣ። ፈረንጁ ተኮሰ። ድኩላው ዘለለ፣ እንደ ውሻ አንዴ ጮኸና ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። እኔ "መታው!" ብዬ ጨፈርኩ። አባባ አልጨፈሩም። ሄደው ቦታው ላይ ቁጢጥ አሉ። ሣሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ደሙን አሸተቱት። ከዚያ ጣታቸውን ወደኔ አፍንጫ አመጡት። ደሙ ጠቆር ያለ ነው። የታኘከ ቅጠል ፍርፋሪ ተጣብቆበታል። ይሸታል።

"ሆዱን ነው" አሉ።

በኋላ እንደገባኝ፣ ደማቅና አረፋ ያለው ደም ከሳንባ ነው፤ እንዲህ የተመታ ሩቅ አይሄድም። እንደዚህ የጠቆረና ቅጠል ያለበት ሲሆን ግን አውሬው ቶሎ አይሞትም። ወዲያው ከተከተሉት እየተነሣ ይሮጣል፣ ደሙም ይጠፋል። ከተዉት ጥቂት ሄዶ ይተኛል። ስለዚህ መጠበቅ ነው፤ ሰዓትም ቢሆን፣ ሁለት ሰዓትም ቢሆን። በእኛ ሥራ ደግሞ የቆሰለ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ ብታጡትም ክፍያው አይመለስም። ሰው ግን ለገንዘቡ ሲል ብቻ የሚፈልገው እንዳይመስላችሁ። የዚያን ቀን የጀርመኑን ፊት ያየ ያውቃል። ሰውየው ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ነበር የሚመስለው።

ቆይተን ቀስ ብለን ተከተልን። ዱካው አጥሩ ጋ አቆመ። እንጨቱ ላይ የጣት ያህል ደም ተቀብቷል። ከአጥሩ ወዲያ ሊታጨድ የደረሰ ገብስ፤ ከገብሱ በላይ ደግሞ ጭስ የሚወጣው ጎጆ።

አባባ ቆሙ። ስካውቱም ቆመ። ጀርመኑ፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቶ ኪሱ ከተተና ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "በእኛ አገር የማደን መብት ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው" አለኝ። "ያቆሰልኩት አጋዘን ጎረቤት ክልል ከገባ፣ ቀድመን የተስማማነው ነገር ከሌለ፣ የገባበትን ምልክት አድርጌ ጎረቤቴን እጠራለሁ። ዘልዬ አልገባም።" አባባ ወደ ጎጆው ሊሄዱ ዱላቸውን አነሡ። መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ በሩ በወዲያ በኩል ነው።

እኔ ደሜ ፈላ። እንስሳው እዚያ ይሰቃያል፣ እኛ የሰው ደጅ ልንጠና! "መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው" አልኩ። ኮሌጅ አንድ ዓመት ተምሬ ያቋረጥኩ ነኝና የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ን ጠቀስኩ። ማንም አልሰማኝም። "እስቲ አይቼው ብቻ ልምጣ" ብዬ አጥሩን ረገጥኩ። አንዱ እንጨት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ገባሁ።

ሃያ እርምጃ እንኳ አልሄድኩም። ድኩላው እዚያው የገብሱ ዳር ተኝቶ ነበር። አየኝ። ተነሣና ቁልቁል ወደ ገደሉ ነጎደ። በዚያው ቅጽበት ውሻ ጮኸ፣ አንዲት ሴት "ኡኡ!" አለች፣ ከየት እንደመጡ የማላውቃቸው አምስት ስድስት ሰዎች ዱላ ይዘው ከበቡኝ። እኔ ያለሁት ወገቤ ድረስ ገብስ ውስጥ ነው። ኮፍያዬን ማውለቅ ብቻ ነው የመጣልኝ።

አባባ ባይደርሱ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። በኦሮምኛ ረዥም ሰላምታ ተለዋወጡ። የከብቱ፣ የልጆቹ፣ የዝናቡ ደህንነት ተጠየቀ። እኔ በየመሃሉ ሰዓቴን አያለሁ። የገብሱ ባለቤት ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሰው ናቸው። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ወደኔ ዞሩና በአማርኛ ጠየቁኝ።

"ማን ግባ አለህ?"

አፌ አያርፍም። "ጋሼ፣ መሬቱ እኮ የመንግሥት ነው" አልኳቸው።

"አዎ" አሉ። "መሬቱ የመንግሥት ነው። አውሬውም የመንግሥት ነው። ገብሱ ግን የኔ ነው።"

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አልጨረሱም። "ይሄ ድኩላ ሌሊት ገብሴን ይበላል። ብገድለው እታሰራለሁ። ስለዚህ እጄን አጥፌ አድራለሁ። ዛሬ ፈረንጅ ስላቆሰለው ነው አጥሬ የማይቆጠረው?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጆቼ በዚያ ገደል በኩል ነው ከትምህርት ቤት የሚመጡት። ወዴት እንደምትተኩሱ እኔ ካልነገርኳችሁ ማን ይነግራችኋል?"

ሕጉን እንኳ በቅጡ አልያዝኩትም ለካ። ያው አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከይዞታው እንዳይነቀል ጥበቃ አለው ይላል። ያቺን ክፍል እንደ አጥሩ ዘልያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ድኩላውን ሲፈልጉ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እውነቴን ነው፤ ከፊት ሆነው መሩን። አንድ ልጅ ልከው ከብቶቹን ከገደሉ አፋፍ አስነሡ። ሌላ ልጅ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆሞ ሰው እንዲመልስ አደረጉ። ድኩላውን ያገኘነው እኔ ባላስበረግገው ኖሮ ከሚገኝበት በጣም ርቆ፣ ውሃ ዳር ነው። ጭንቅላቱን ወደኛ አዙሮ ተኝቷል። አባባ በእጃቸው አስቆሙኝ፤ የቆሰለ ድኩላ ቀንዱን ይዞ ሰው ላይ ይመጣል። ጀርመኑ የገብሱን ባለቤት አየ። እሳቸው ወዲያ ማዶ ተመልክተው በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዲት ጥይት። አበቃ።

ፈረንጁ ከቁጥቋጦ ትንሽ ቅርንጫፍ ቆርጦ ድኩላው አፍ ውስጥ አደረገለት። በአገሩ ልማድ የመጨረሻ ጉርሻው መሆኑ ነው። የገብሱ ባለቤት ግራ ገብቷቸው "የሞተ ይበላል እንዴ?" አሉ። እኔ ተርጉሜ ስነግረው ፈረንጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሥጋ ይውሰዱ አልናቸው። አልፈለጉም። እስላም ናቸው፤ እስላም ያላረደውን አይበሉም። ይህን አርሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ሳይጠየቅ ማወቅ ነበረበት። ገንዘብ አወጣን። የተረገጠውን ገብስ በእርምጃ ለክተው የዚያችኑ ዋጋ ብቻ ተቀበሉ። አንድ ብር አልጨመሩም። ገንዘቡ ከኔ አበል ተቆረጠ። ያን ጊዜ አልጎምጉሜ ነበር። አሁን ሳስበው ለዚያ ድኩላ ተጨማሪ ስቃይ ያ ገንዘብ ጢኒኒጥ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ደንበኞች ከመምጣታቸው በፊት ለብቻዬ ሄድኩ። ጫካውን በሚያዋስኑት ቤቶች ሁሉ ዞርኩ። ስኳርና ቡና ይዣለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የቆሰለ አውሬ እናንተ ጋ ቢገባ ማንን እንጥራ፣ በየት በኩል እንምጣ? አንዳንዱ ስልክ ሰጠኝ። አንዱ "በጭራሽ እንዳትመጡ" አለኝ፤ እሱንም ጻፍኩት፣ በዚያ በኩል መተኮስ ቀረ።

የመጨረሻው የሳቸው ቤት ነበር። ወተት ጠጣን። ልሰናበት ስነሣ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። አጥሩ ዓመቱን ሙሉ በገመድ ታስሮ ከርሟል። የሰበርኩት እንጨት እዚያው ወድቋል።

"ይቺን መቼ ነው የምትሠራት?" አሉኝ።

ጃኬቴን አውልቄ ጀመርኩ። እሾሁ እጄ ውስጥ እየገባ፣ እሳቸው ጥላ ሥር ቁጭ ብለው "ጠበቅ አድርገው፣ ጠበቅ" እያሉኝ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረስኩ።