ቆርኪ፣ ሳንቲም፣ ደግሞ ቆርኪ፦ የብረት መፈለጊያ ይዤ በደብረ ብርሃን

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ወርቅ አገኘህ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ማርትሬዛስ?» ይላል። ሁለቱንም አላገኘሁም፤ እየፈለግኋቸውም አይደለም። እኔ የምፈልገው በቅርቡ የወደቀውን ነው፦ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ቀለበት። ለዚህ ደግሞ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበትን፣ ሚዜዎች የሚጨፍሩበትን የፓርክ ሣር የሚያህል የለም።

መሣሪያዬ ኖክታ ሲምፕሌክስ ነው፤ የቱርክ ሥራ። የአክስቴ ልጅ ከኢስታንቡል ሲመጣ ያመጣልኝ ነው። ለጀማሪ ይበቃል። ከታች ያለው ክብ የሽቦ ጥቅል፣ ኮይል የሚባለው፣ መግነጢሳዊ ሞገድ ወደ መሬት ይልካል። ሞገዱ ብረት ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ኮይሉ ያንን ተቀብሎ በድምፅና እስከ 99 በሚደርስ ቁጥር ያሳውቃል። ተራ ብረት ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ መዳብና ብር ከፍ ይላሉ። ጣጣው ያለው መሀል ላይ ነው። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የመጠጥ ጣሳ መክፈቻ እዚያው አካባቢ ይገናኛሉ። ቀለበት የሚፈልግ ሰው የጣሳ መክፈቻ መልቀም ሊሰለቸው አይገባም።

የኛ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከባዛልት ድንጋይ የመጣ፣ ብረት ያዘለ ነው። ምንም ነገር ሳይኖር መሣሪያው ያጉረመርማል። መላው ግራውንድ ባላንስ፣ ማለትም መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማላመድ ነው፦ ቁልፉን ተጭናችሁ፣ ኮይሉን መሬት ሳታስነኩ ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ፤ ጩኸቱ ሲረጋ ትለቃላችሁ። ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም የመስማት ኃይሉንም ቀነስ አድርጉት። ጥልቀት ትንሽ ይቀንስባችኋል፣ ግን ጆሯችሁ ያርፋል። ከጥቁሩ መረሬ ወጥታችሁ ገረጋንቲ የለበሰ መንገድ ዳር ስትደርሱ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቆርኪ ግን ሌላ ጉድ ነው። ፓርክ ውስጥ ቆርኪ የሌለበት ስንዝር መሬት ያለ አይመስለኝም። ድምፁ ጥሩ ሳንቲም መስሎ ይመጣል፤ ቁጥሩ ግን አይረጋም፣ ይዘላል። አሁን የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፦ ድምፁ በተሰማበት ቦታ ላይ ኮይሉን በአጭሩ ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ ቀስ ብዬ ወደ ራሴ እስባለሁ። ዕቃው በኮይሉ ጫፍ በኩል ሲያልፍ ቆርኪ ከሆነ የብረት ጉርምርምታ ጣል ያደርጋል። ሳንቲም ከሆነ እስኪጠፋ ድረስ ድምፁ ንጹሕ ነው። ሁልጊዜ ባይሠራም ብዙ ቁፋሮ አድኖኛል።

ስለ ሳንቲም ካነሳን፣ በ1969 ዓ.ም. የወጡትና ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የወጡት ለመሣሪያው አንድ አይደሉም። የ1969ኙ 10 ሳንቲም ናስ ነው። አዲሱ ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ የተለበጠ ነው፤ ማግኔት ይስበዋል። ስለዚህ መሣሪያው ለተራ ብረት ጨርሶ እንዳይጮህ ያደረገ ሰው አዲሶቹን 10፣ 25 እና 50 ሳንቲሞች ረግጧቸው ሊያልፍ ይችላል። በ10 ሳንቲም ዛሬ ምን ይገዛል ካላችሁ፣ ምንም። ግን የ1969ኙ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ሲወጣ፣ ጭቃው በውሃ ሲለቅ በአንድ በኩል የአንበሳው ጎፈር፣ ሲገለበጥ አጋዘኑ ብቅ ሲል ደስ ይላል። በጣት አትሹት፤ አሸዋው ይጭረዋል።

የምቆፍረው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። መሬቱ ገና እርጥብ ነው፣ ሣሩም ቶሎ ያገግማል። በቢላ ሦስት ጎኑን ቆርጬ አራተኛውን ሳልነካ እገለብጠዋለሁ፤ አፈሩን ማዳበሪያ ከረጢት ላይ አደርጋለሁ፤ ከዚያ መልሼ እረግጠዋለሁ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ የደብረ ብርሃንን ሣር እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። ያኔ ሥሩ የተነካ ሣር አይተርፍም፤ ስለዚህ አግዳሚ ወንበር ሥር ያለውን ገላጣ መሬት ብቻ ነው የማየው።

ፈቃድ በቃል አይበቃም፤ ደብዳቤ ያዙ። የፓርኩ ጥበቃ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ፈንጂ ነው እንዴ የምትፈልገው?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ለጊዜው ቆርኪ ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ደብዳቤውን ግን አንብበው ነው የለቀቁኝ። ደግም አደረጉ። በ2014ቱ ጦርነት ውጊያ በነበረባቸው እንደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ባሉ አካባቢዎች ይህን መሣሪያ ይዤ አልሄድም። የናስ ቀለህ ድምፁ እንደ ሳንቲም ነው፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ደግሞ መሣሪያው አይናገርም። የጦር መሣሪያ የሚመስል ነገር ካያችሁ ሳትነኩ ራቁና ለፖሊስ ንገሩ።

አንኮበርም እንሂድ የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ስለነበረ መሬቱ ባዶ እንደማይሆን እኔም እገምታለሁ። ግን ቅርስ ፍለጋ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በአጋጣሚ የተገኘም ቢሆን ወዲያውኑ ለሚመለከተው አካል ይነገራል እንጂ ኪስ አይገባም። የቤተ ክርስቲያን ግቢም ያው ነው፤ ኮይል አላስገባም።

የለቀምኩትን ምስማርና ሽቦ ቆራሌው ይወስድልኛል። ቆርኪውን ግን «ይሄንማ ራስህ ጣለው» ብሎኛል። ቀጥሎ የማስመጣው ትንሽ ኮይል ነው፤ ወንበር ሥር ቆርኪና ሳንቲም ተጠጋግተው ሲተኙ ትልቁ ሁለቱንም በአንዴ ስለሚሰማ አይለያቸውም።