መብራት የሄደ ማታ የገባኝ ነገር

የቅዳሜ ማታ የመጽሐፍ ውይይታችንን መቅዳት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ከፋይሉ ስም መጨረሻ ነጥብ ተደርጎ ለሚጻፈው ነገር ደንታም አልነበረኝም። ከተከፈተ ተከፈተ፣ አለቀ።

ልክ ያስገባኝ መብራት ነው። ያን ማታ በዙም እየቀዳሁ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ኦቢኤስ የሚባለውን የስክሪን መቅጃ ፕሮግራም ከፍቼ ነበር። የላፕቶፔ ባትሪ ሞቷል፣ ሶኬት ላይ ካልሆነ አይሠራም። 30 ደቂቃ ገደማ እንደሄድን መብራት እልም አለ። ሲመለስ የኦቢኤሱ ኤምፒ4 ፋይል ቦታው ላይ አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው። ግን ማጫወቻው ቪኤልሲም አልከፍት አለኝ።

ለካ ኤምፒ4 መያዣ ብቻ ነው፤ ጀሪካን በሉት። ውስጡ ያለው ምስል ብዙ ጊዜ ኤች.264 በሚባል፣ ድምፁ ደግሞ ኤኤሲ በሚባል የማመቂያ ዘዴ የታመቀ ነው። የቱ ምስል የት እንዳለ የሚያሳይ ማውጫም አለው። በተለመደው አሠራር ይህ ማውጫ የሚጠናቀቀው ቀረጻው ሲቆም ነው። መብራት ቀደመና ማውጫው ሳይጻፍ ቀረ። ምስሉ ዲስኩ ላይ አለ፣ ማጫወቻው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

ኤምኬቪ የሚባለው ሌላው መያዣ እንዲህ አያደርግም። እየቆራረጠ ከነመረጃው ስለሚያስቀምጥ እስከ ተቋረጠበት ድረስ ይከፈታል። አሁን ኦቢኤስን በኤምኬቪ አድርጌዋለሁ። ሲያልቅ ‹ሪማክስ ሪኮርዲንግስ› በሚለው ወደ ኤምፒ4 አዞረዋለሁ። ከጀሪካን ወደ ጀሪካን መገልበጥ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ጥራቱም አይነካም። ከዚህ በፊት እኮ ኮንቨርተር አውርጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ላፕቶፑን ሳስጮኸው ነበር የኖርኩት! ምስሉን እንደገና እያሳመቅኩ ጥራቱን የቀነስኩትም እኔው ነኝ። ያናድዳል።

የዙሙስ? ዶክመንትስ ውስጥ ያለውን የዙም ፎልደር ከፈትኩ። የዚያን ቀኑ ውስጥ ኤምፒ4 የለም፤ ‹ደብል ክሊክ ቱ ኮንቨርት› የሚል ፋይል ብቻ ተቀምጧል። ዙም ኮምፒውተር ላይ ሲቀዳ ስብሰባው እስኪያልቅ በራሱ ጥሬ ፎርማት ይይዘውና ኋላ ነው የሚቀይረው። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ ኮፒ አድርጌ ስሙን ኤምፒ4 አልኩት። ጀሪካን ላይ ‹ዘይት› ብሎ መጻፍ ውኃውን ዘይት አያደርገውም፣ አልተከፈተም። ዋናውን እዚያው ቦታው ላይ ሁለቴ ስጫነው ዙም ራሱ መቀየር ጀመረ። መጨረሻዋ ትንሽ ብትቆረጥም ወጣችልን።

ዙም ከኤምፒ4ው ጎን የሚያስቀምጠውን ኤም4ኤ የሚባል ፋይልም ንቄው ነበር። ድምፅ ብቻ ነው። ዱባይ ያለችው የቡድናችን ልጅ ግን የምትፈልገው እሱን ነው፤ ሥራ እየሠራች በጆሮ ማዳመጫ ትሰማዋለች። እዚህም ዳታ የሚቆጥበው ሁሉ ‹ቪዲዮው ይቅር፣ ድምፁን ላክ› ይለኛል። አሁን መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ የማወጣው እሱን ነው።

በዚህ ሳምንት ደግሞ አንዱ ልጅ በብሮውዘር የቀዳውን ዌብኤም የሚባል የቪዲዮ ፋይል ላከልኝ። ይጫወታል፣ ግን ርዝመቱን አያሳይም፣ ወደፊት ልግፋው ስል አልሄድ ይላል። ብሮውዘሩ እየቀዳ በቀጥታ ስለሚያወጣው ጠቅላላ ርዝመቱን ሳይጽፍ ነው የጨረሰው። ትናንት ማታ ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ምንም ሳላሳምቅ ወደ አዲስ ዌብኤም ገለበጥኩት። ከታች 38 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ የሚል መጣ።