ዝዮቹ የጠጡት ክትባት

ዝይና ዶሮ በአንድ ግቢ አረባለሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «አይደባደቡም?» አይደባደቡም። ወንዱ ዝይ በመራቢያው ወቅት አንገቱን ዘርግቶ እየተነፋ ያባርራቸዋል፤ ዶሮዎቹ ራቅ ብለው መጫራቸውን ይቀጥላሉ፤ ጠቡ በዚያው ያልቃል። መጠየቅ ያለበት ውሃ ከየት እንደሚጠጡ ነው። እኔን ግን ይህን የጠየቀኝ አልነበረም። 23 ዶሮ ከቀበርኩ በኋላ ራሴ ራሴን ጠየቅኩ።

የምኖረው ቢሾፍቱ፣ ከጨለለቃ ረግረግ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። 6 የሀበሻ ዶሮዎች ነበሩኝ፤ ቀን ጭላት፣ ሌሊት ሸለምጥማጥ እየተፈራረቁ ጨረሷቸው። ስለዚህ ኅዳር መጨረሻ ላይ 30 የ45 ቀን ቄቦች ገዛሁ፤ ለጥበቃ ደግሞ 4 ዝይ ጨመርኩ፤ አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴት። ቤቱን በብሎኬትና በወንፊት ሽቦ ሠራሁ፣ ሰጋቱራ ጎዘጎዝኩ፣ መኖ ገዛሁ። ይህን ማንም ያሳያችኋል።

ዝይ ዘበኛ ነው የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ጭላት ሲያንዣብብ ከሁላችንም ቀድመው ያዩትና ግቢውን በጩኸት ያናውጡታል፤ ዶሮዎቹም ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። ነገር ግን ቆጣሪ አንባቢውንም፣ ቆሎ ሻጯንም፣ ነፋስ የገለበጠውን ባልዲም የሚቀበሉት በዚያው ጩኸት ነው። ሸለምጥማጥን አያስቆሙም፤ ለእርሱ የሚያዋጣው ሌሊት የሚቆለፍ በር ብቻ ነው። ጎረቤቴ እማማ ደግሞ እግሩ እንደ ዳክዬ የተጋጠመ ወፍ አይበላምና «የማይታረድ ነገር ምን ብለህ ትቀልባለህ?» ይሉኛል። አብዛኛውን ቀን የሚበሉት ሣር ነው፣ ብዙ ወጪ የላቸውም እያልኩ አስረዳለሁ፤ አያምኑኝም።

አሁን ወደ ክትባቱ ልምጣ። ቄቦቹን የሸጠልኝ ሰው «ሁሉንም ክትባት ጨርሰዋል» ብሎኝ ነበር። ወረቀት አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መጋቢት ላይ፣ እንቁላል መጣል ሊጀምሩ ሲሉ፣ የፈንግል (ዶሮን በጅምላ የሚጨርሰው በሽታ) ክትባት መደገም እንዳለበት ስለሰማሁ ወደ መንግሥት እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄድኩ። አንድ ወጣት ባለሙያ ስልኩን እየነካካ ላሶታ የሚባለውን የፈንግል ክትባት፣ ለ100 ዶሮ የሚሆን አንድ ብልቃጥ ሰጠኝና «ቀላል ነው ጋሼ፣ 2 ሰዓት ያስጠሟቸውና በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው» አለኝ። በቃ። ውሃው ከቧንቧ ይሁን ከጉድጓድ አልጠየቀኝም። ግቢው ውስጥ ሌላ ምን እንዳለም አልጠየቀኝም። አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ ነበር፤ «ፔርሙስ ይዘዋል? በረዶ አለው?» እርሱን ይዤ ነበር። ክትባቱ የሚመረተው እዚሁ ከተማችን ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ስንት አገር አቋርጦ በበረዶ ይደርሳል። የእኔው ግን ከክሊኒኩ እስከ ቤቴ በበረዶ ተጠብቆ መጥቶ የጠፋው ግቢዬ መሀል ነው።

ጠዋት ውሃውን ሁሉ ሰበሰብኩ። ዶሮዎቹ ተጠሙ፤ ዝዮቹም አብረው ተጠሙ። ከዚያ ክትባቱን በቧንቧ ውሃ በጥብጬ በሦስት ሳፋ ግቢው መሀል አስቀመጥኩ። ዝይ ውሃ የሚጠጣው እንደ ዶሮ አይደለም። ጭንቅላቱን እስከ አንገቱ ይነክራል፤ አፍንጫውንና ዓይኑን ያጥባል፤ የተረፈውን ይረጨዋል። ይህ ተፈጥሮው ነው፤ ጭንቅላቱን የሚነክርበት ውሃ ካጣ ዓይኑ ይታመማል። ወንዱ የመጀመሪያውን ሳፋ ያዘ። አንዷ ሴት ሁለተኛው ውስጥ ገብታ ተቀመጠችበት፤ እውነቴን ነው፣ ተቀመጠችበት። ዶሮዎቹ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆመው ይመለከታሉ። በመጥረጊያ ሳባርራቸው ሦስተኛው ሳፋ ተገለበጠ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ክትባቱ ጭቃ ሆነ።

እስከዚህ ያለው አደጋ ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ግን የራሴ ድድብና ነው። ሳፋዎቹ ሥር በቀረችው ጠብታ ላይ የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበትና «የቀረውን ይጠጡ» አልኩ። ስድስት ወይም ሰባት ዶሮ ጠጣ። ከዚያም ደብተሬን አውጥቼ «ዶሮዎቹ በሙሉ ተከተቡ» ብዬ ጻፍኩ። ተመልሼ ሌላ ብልቃጥ መግዛት ነበረብኝ፤ ዋጋው ደግሞ ከአንድ ትሪ እንቁላል ያንስ ነበር። ያ ወጣት ፊት ቆሜ «ዝዮቹ ጠጡብኝ» ማለት አሳፈረኝ።

በዚያ ላይ እነዚያ ስድስት ወይም ሰባት የጠጡትም የሚረባ ነገር አልጠጡም። ላሶታ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል። ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይህን ይናገራል፤ በእንግሊዝኛ፣ በጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል።

ጾሙን ሙሉ እንቁላሉ ተጠራቀመ፤ ለፋሲካ ጥሩ ሸጥኩ። ጸሎተ ሐሙስ ገበያ ወጥቼ ለወጡ ሁለት አውራ ዶሮ ገዛሁና ግቢ ውስጥ አሰርኳቸው። ዓርብ አንዱ ላባውን ነፍቶ ቁጢጥ አለ። የመንገድ ድካም ነው አልን። ቅዳሜ ማታ ታረዱ፤ ላባውና የተገነፈለበት ውሃ አቮካዶው ሥር ተደፋ፤ እሑድ ጠዋት ዶሮዎቼ እዚያው ሲጭሩ ዋሉ።

በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት የመጀመሪያዋ አንገቷ ተጠመዘዘ። ከዚያ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ክንፍ መጣል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሰጠሁ፤ ሰው የሚውጠውን ቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ በጠበጥኩ። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ እኔም ይህን ልቤ እያወቀ ነው የማደርገው። በ10 ቀን 23ቱ አለቁ። ጉድጓዱን ጥልቅ አድርጌ ኖራ እየነሰነስኩ ቀበርኳቸው። ዝዮቹ አጠገቤ ሣራቸውን ይግጣሉ፤ አንዳቸውም አላስነጠሱም።

ክሊኒክ ስመለስ ያው ወጣት «ክትባት ሰጥተው ነበር?» አለኝ። «ሰጥቼ ነበር» አልኩ። ደብተሬን አየና «እንግዲያው ያመጡት ዝዮቹ ናቸው፤ ያስወግዷቸው» አለኝ። ዝይ ቫይረሱን ተሸክሞ ምንም ሳይታይበት ሊቆይ ይችላል፤ ልጁ ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። እኔ ግን የታመመው አውራ ዶሮ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ክትባቱ የት እንደፈሰሰም አውቃለሁ። አፌን ዘግቼ ወጣሁ። እስከ ዛሬ በእርሱ ልናደድ በራሴ አልለየልኝም።

የውሃ ወፍና ዶሮ አትቀላቅሉ የሚለው ምክር ሺህ ዶሮ ለሚያረባ ሰው ትክክል ነው። ለ30 ዶሮ ግን ዝዮቹን ከማስወገድ ውሃውን መለየት ይበቃል ባይ ነኝ፤ ባለሙያዎቹ አይስማሙም። የዶሮዎቹ ውሃና መኖ አሁን ቤታቸው ውስጥ ነው፤ በሩ ዶሮ እንጂ ዝይ የማያስገባ ቀዳዳ ነው። የዝዮቹ ገንዳ ግቢው ዝቅ ባለበት ጥግ ጠጠር ላይ ተቀምጧል፤ በየቀኑ ይደፋል፤ ጭቃው ወደ ሰጋቱራው አይደርስም። ወደ ጨለለቃ ከዱር ዝዮችና ዳክዬዎች ጋር እንዲውሉም አልለቃቸውም። ከገበያ የመጣ ዶሮ ግቢዬን አይረግጥም፤ ለበዓል የሚታረደው ከራሴው ነው።

ከመቶ በታች ዶሮ ላለው ሰው ክትባትን በውሃ መስጠት ትርፉ ድካም ነው፤ «ዶሮውን አያስጨንቅም» የሚሉትን አትስሙ። ግድ በውሃ ከሆነ የጉድጓድ ውሃ ይሁን፤ በአንድ ሊትር 2 ግራም ተኩል ያህል ቅባቱ የወጣ የዱቄት ወተት ይጨመርበት። እኔ በዓይን ጠብታ ነው የማደርገው። ማታ፣ ቆጥ ላይ ሲወጡ፣ ልጄ አንድ በአንድ ያወርድልኛል፤ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ፣ ጠብታው እስኪሰርግ ይዞ መቆየት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ክፍል። 30 ዶሮ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል፤ የቀረች አለመኖሯም ይታወቃል። በየሦስት ወሩ እደግመዋለሁ።

በዚያ ምሽት ዝዮቹን ዕቃ ቤት እቆልፍባቸዋለሁ። ወንዱ የቆርቆሮውን በር በምንቃሩ ይደበድባል፤ እማማ በአጥሩ በኩል «ዛሬም ክትባት ነው?» ይላሉ።