በሥራ ጉዞ መካከል የጣናን ግንቦች እንዴት አየሁ

ባሕር ዳርን ያወቅኋት በሥራ ነው። መሥሪያ ቤቴ የቅርንጫፎችን ሒሳብ የሚያይ ሰው ሲፈልግ ዕጣው እኔ ላይ ወጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ ካልሆነም በየሁለት ወሩ፣ ከቦሌ ተነሥቼ ባሕር ዳር አርፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ከተማዋ ለእኔ ሆቴልና ቢሮ ብቻ ነበረች። ሐሙስ እገባለሁ፣ ዓርብ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ በጠዋት እመለሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ በረራዬ ወደ ከሰዓት ተዛወረ። ጊዜ ሲተርፈኝ ጊዮርጊስ ልሳለም ሄድኩ። ተሳልሜ ስወጣ ግቢው ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ አየሁ። ፎቅ ነው። ዛፎቹ መሀል ዝም ብሎ ቆሟል። ጥላ ሥር የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ።

«እማማ፣ ይሄ ቤት የማን ነው?» አልኳቸው።

«የድሮ ሰዎች የሠሩት ነው፣ ልጄ። አሁን ማንም የለበትም።»

«ማንም የለበትም» ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አዲስ አበባ ስመለስ ማንበብ ጀመርኩ። ግንቡን ያሠራው ፔሮ ፓይስ ነው ይባላል። ፓይስ በ1603 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባ ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ ነው። ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጅቶ ኖረና በ1622 ጎርጎራ ላይ አረፈ። ጎርጎራ ደግሞ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ናት። እኔ በየወሩ የምመላለሰው ወደ ደቡቡ ዳርቻ ነው። በመካከላችን ያለው ውኃ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ያ ውኃ ግን ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። እሱን እስክረዳ ብዙ ከፈልኩ።

መጀመሪያ የተማርኩት ሰዓትን ነው። የአውሮፕላን ሰዓትና የሐይቅ ሰዓት አይገናኙም።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ላይ እንደ መስታወት ይተኛል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ግን፣ ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ ጀልባዋን ፋታ አይሰጣትም። ጀልባ ነጂዎቹ ይሄን ልቅም አድርገው ያውቃሉ። እኔ አላውቅም ነበር። ወደ ሐይቁ ትልቅ ደሴት ወደ ደቅ የመጀመሪያ ጉዞዬን ያቀድኩት በመመለሻዬ ቀን ነው። በረራዬ ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። በ12 ሰዓት ጠዋት እንነሣለን ተባብለን፣ ነዳጅ ሲፈለግ፣ ሌላ ተሳፋሪ ሲጠበቅ፣ 3 ሰዓት ሆነ። በተለመደው የሞተር ጀልባ ደቅ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስንመለስ ነፋሱ ተነሣ። ነጂው ሞተሩን ቀንሶ ማዕበሉን በግንባር እየተቀበለ በዝግታ ነዳ። ልብሴ በሰበሰ፤ የያዝኩት የሒሳብ ሰነድ ረጠበ። ወደቡ ስንደርስ መሽቷል። አውሮፕላኑ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ሐይቅና በረራ በአንድ ቀን አይገናኙብኝም። ሐይቁን መጀመሪያ ቀን ላይ አደርጋለሁ፣ ሥራውን መሀል፣ በረራውን መጨረሻ። ጀልባውን የምነጋገረው ከዋዜማው ነው። ነዳጁ ከማታው ተቀድቶ እንዲያድር እጠይቃለሁ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን በዓይኔ ሳላይ ቀብድ አልሰጥም። ዋጋውንም «ደርሶ መልስ፣ ቆይታው ተጨምሮ» ብዬ ነው የምጨርሰው፤ አለበለዚያ ደሴቱ ላይ ሁለት ሰዓት መቆየት ሌላ ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

ስለ በረራው ብዙ የምለው የለኝም። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመኪና ዐባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይበላል። በተቻለ መጠን የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ያዙ። ጠዋት የዘገየ አውሮፕላን ቀኑን ሙሉ እየተንከባለለ ማታ ላይ ያደርሳችኋል። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ደግሞ ለእኔ ግዴታ ነው። ዐባይ ሸለቆ ላይ ስትደርሱ አገሩ ተሰንጥቆ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ሐይቁ ብቅ ይላል። ከመሄዴ በፊት የማልተወው አንድ ነገር ስልክ መደወል ነው። ቦታው ላይ ላለ ሰው ደውሎ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ጀልባ ይወጣል ወይ?» ማለት። በቅርብ ዓመታት መንገድ የተዘጋበትም፣ ሰዓት እላፊ የታወጀበትም ጊዜ ነበር። የቆረጡት ቲኬት ይሄን አይነግርም።

ሆቴል ላይ የተማርኩት በእልህ ነው። አንድ ጊዜ ከፍዬ የያዝኩትን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥተውት ደረስኩ። ሰርግ ነበር፤ የሰርገኛው ዘመድ ገብቶበታል። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ፣ «እኅቴ፣ እኔ ዛሬ ነው ተረኛ የሆንኩት፣ ምንም አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው፤ እሷ ምን ታድርግ? ሌሊት በባጃጅ ስዞር ቆይቼ አራተኛው ሆቴል ተቀበለኝ። አሁን የከፈልኩበትን መልእክት በስልኬ እይዛለሁ፣ በዋዜማው እደውላለሁ፣ ያነጋገረኝን ሰው ስም እጽፋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ደግሞ በግልጽ «ሰርግ አለ ወይ?» እላለሁ። ጥር ከገባ ይሄ ጥያቄ ቀልድ አይደለም።

ሐይቅ ዳር ያለ ክፍል ያምራል። ጎህ ሲቀድ ዓሣ አስጋሪዎቹ በደንገል ታንኳ ሲያልፉ ከአልጋ ላይ ታያላችሁ። ግን አጎበሩን ገልጣችሁ እዩ። ባሕር ዳር ወባ አለ። እኔ ቀዳዳ አጎበር በመርፌና ክር ሰፍቼ የተኛሁበት ሌሊት አለ፤ ከዚያ ወዲህ የራሴን እይዛለሁ፣ ክብደቱ ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ግንቦቹ።

ሴት ስለሆንኩ ሁሉም ደሴት አይከፈትልኝም። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። የእነ አፄ ይኩኖ አምላክና የእነ አፄ ፋሲል አስከሬን ያረፈበት ዳጋ ሥር፣ ዳር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሥራ ባልደረቦቼን ጠብቄአለሁ። ሥርዓቱ ነው፣ አከብረዋለሁ። አልዋሽም፣ ቅር ብሎኛል።

ናርጋ ሥላሴ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ናርጋ ከትልቁ ደሴት ከደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ነው። ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ በ18ኛው መቶ ዘመን። የአገር መሪ የነበረች ሴት! ቤተ መቅደሱ ሥዕል ላይ ራሷ አለች። በእመቤታችን እግር ሥር፣ ጌጠኛ ልብሷን ለብሳ፣ በግንባሯ ተደፍታለች። ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። የልብሷን አበባ አንድ በአንድ አየሁት። የቀረው ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም እሷ ተኝታ ነው የተሣለችው። ያን ሁሉ ያሠራች ሴት ራሷን ያሣለችው ከሁሉም ዝቅ ብላ ነው። መግቢያው ላይ ጋያ የሚያጨስ ሰው ምስል አለ፤ በ1769 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው ይላሉ።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን የግቢው አጥርና የድንጋዩ በር ነው። የጎንደርን ግንቦች ይመስላል። ጎብኚ ወደ ሥዕሉ ሲሮጥ ያልፈዋል። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ነው። ኖራው በጣት ሲነካ አንዳንድ ቦታ እንደ ዱቄት ይረግፋል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከድንጋዩ ይጠነክራል። ከላይ፣ ከድንጋዮቹ መገጣጠሚያ፣ አንዲት የዋርካ ቡቃያ ወጥታ ነበር። ከእጄ መዳፍ አትበልጥም። ፎቶ አነሣኋት። ለምን እንዳነሣኋት እንኳ አላወቅኩም።

ከዚያ አንድ ልማድ ያዝኩ። የትም ግንብ ስሄድ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ፎቶ አነሣለሁ። የቆምኩበትን ቦታ በማስታወሻዬ እጽፋለሁ፦ «ከበሩ ስምንት እርምጃ፣ ፊት ወደ ሐይቁ።» በተመለስኩ ቁጥር እዚያው ቆሜ እደግማለሁ። ካሜራዬ የስልክ ነው፤ ምንም የተለየ ነገር አያስፈልገውም። ዓመት ሲያልፍ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ይታያል። የወደቀ ድንጋይ፣ የሰፋ ስንጥቅ፣ ያደገ ሥር።

ጎርጎራ የሄድኩት በጎንደር በኩል ነው። ይሄም ትምህርት ነው፦ ጣናን ለማየት ግድ በባሕር ዳር ገብቶ በባሕር ዳር መውጣት የለም። ጎንደር አርፌ፣ ከአዘዞ የሚነሣውን መንገድ ይዤ ጎርጎራ ገባሁ፣ ስጨርስ በባሕር ዳር በረርኩ። ከጥምቀት ሰሞን ውጭ ነበር፣ በጥምቀት ጎንደር ክፍል አይገኝም። ጎርጎራ ላይ አሁን በ2024 የተመረቀው ትልቅ ሪዞርት አለ። እኔ የሄድኩት ከዚያ በፊት ስለነበር አንዲት ትንሽ አልጋ ቤት አደርኩ። ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምኩና በማግሥቱ በጠዋት ጀልባ ይዤ ወደ ምዕራብ፣ ኢየሱሳውያኑ በሱስንዮስ ዘመን ወደ ሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ወደ ማርያም ግንብ ሄድኩ።

ማርያም ግንብ ከሩቅ ሲታይ የፈረሰ ጥርስ ይመስላል። ስትቀርቡት ግን ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለ አበባ አለ። ክብ፣ ቅጠሉ የተቆጠረ፣ ጠርዙ እስካሁን ያልደበዘዘ። በእጄ አልነካሁትም፤ በዓይኔ ብቻ ዞርኩት። ይሄን የሚያህል ሥራ ለምን ተተወ? ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ሲያውጅ አገሩ ተናወጠ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጣ፣ በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ግንቡ ባለቤት አልባ ቀረ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ከማድሪድ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች እዚህና አዘዞ ላይ ቆፍረዋል።

ባለቤት አልባ አልኩ እንጂ፣ ገና ከጀልባው ሳልወርድ አንድ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጣ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቅስቱ ሥር ልገባ ስል ዱላውን ዘረጋ።

«እዚያ አትቁሚ! እዚያ ድንጋይ ይወርዳል። እኔ ባለሁበት ነይ።»

የትኛው ድንጋይ መቼ እንደወረደ ያውቃል። ላሞቹን እንኳ በዚያ በኩል አያሳልፍም። ከዚያ ቀን ወዲህ የትም ፍርስራሽ ስሄድ መጀመሪያ ሰው እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ድንጋይ። እረኛ፣ ቄስ፣ ሣር አጫጅ፣ ማንም ይሁን። ሰላም እላለሁ፣ ከየት እንደመጣሁ እናገራለሁ፣ ፎቶ ማንሣት ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ያን ሩብ ሰዓት የዘለልኩባቸው ጉዞዎች ላይ ያየሁት ድንጋይ ብቻ ነው።

ናርጋ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። በ12 ሰዓት ተነሥተን፣ ነዳጅ ሞልተን፣ ውኃው እንደ ዘይት ረግቶ ደረስን። ከበሩ ስምንት እርምጃ ቆጥሬ ቆምኩ። ቡቃያዋ ክንድ አክላለች። ሥሯ ሁለት ድንጋይ ለያይቶ ወርዷል። ስልኬን ይዤ እዚያ ያሉ አንድ አባት ጋ ሄድኩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

የመጀመሪያውን ፎቶ አሳየኋቸው፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ቀና ብለው ራሷን ዛፏን አዩ። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ዝም አሉ።

«ይቺን እኔ በእጄ ነቅያት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሥሯን አላገኘሁትም ማለት ነው።»

ሥሩን ሳያደርቁ ቢነቅሉት ድንጋዩን ይዞ እንደሚወርድ፣ መጀመሪያ ግንዱ ተቆርጦ ሥሩ እስኪደርቅ መጠበቅ እንደሚሻል ተነጋገርን። ይሄን ጎንደር ላይ ግንብ ሲጠግኑ ካየኋቸው ሠራተኞች ነው የሰማሁት። አባ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ፎቶዎቹን አሳጥቤ እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።

ባለፈው ወር ይዤላቸው ሄድኩ። ከጀልባ ወርጄ በሩ ጋ ስደርስ መሰላል ግንቡ ላይ ተደግፏል። ከባሕር ዛፍ የተሠራ፣ ልጡ እንኳ ገና ያልተላጠ። ከላይ፣ ዛፏ በነበረችበት፣ የመዳፍ ያህል ነጭ ጉቶ ይታያል። ከበሩ ስምንት እርምጃ ቆጥሬ ፎቶ አነሣሁ።