ሂዩበርት ዋልተርን ፍለጋ፦ ከካንተርበሪ እስከ ኪው

ከለንደን ሴንት ፓንክራስ በፈጣኑ ባቡር ካንተርበሪ ዌስት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ካቴድራሉ ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ጎብኚው ሁሉ ቶማስ ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1170 ወደተገደለበት ቦታ ሲጎርፍ፣ እኔ በደቡቡ መተላለፊያ ደረጃውን ወጥቼ ወደ ሥላሴ ጸሎት ቤት አለፍኩ። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ሂዩበርት ዋልተር ያረፈው እዚያ ነው።

በእሱ ዘመን የነበረው የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ሪቻርድ በ10 ዓመት ንግሥናው እንግሊዝ ውስጥ የከረመው 6 ወር ገደማ ብቻ ነው። አገሩን የሚመራው ጀስቲሺያር የሚባል እንደራሴ ነበር። ሂዩበርት ከ1193 እስከ 1198 ይህን ሹመት ከሊቀ ጵጵስናው ጋር ደርቦ ይዟል። መቃብሩ ከፐርቤክ ድንጋይ የተጠረበ ሣጥን ነው፤ ክዳኑ እንደ ቤት ጣሪያ ያዘነበለ፣ የሰው ፊቶች የተቀረጹበት። በ1890 ሲከፈት ልብሰ ጵጵስናውና ጽዋው ተገኝተዋል።

የእጁን ሥራ፣ ማለትም እሱ ያስጀመረውን የመሬት ስምምነት አያያዝ፣ ለማየት ግን ለንደን፣ ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት መሄድ ግድ ነው። የአንባቢ ካርድ ለማውጣት ስምንና አድራሻን የሚያረጋግጡ ማስረጃዎች ይያዙ። ንባብ ክፍል እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም።

ቀድሞ የመሬት ስምምነት በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና፣ በመካከሉ በትልልቅ ፊደል ቃል ይሰፍራል፤ ብራናው ፊደሎቹን ለሁለት እየከፈለ ተቆርጦ ለሁለቱ ወገኖች ይታደላል። አንዱ ቅጂው ቢጠፋበት ወይም ሐሰተኛ ይዞ ቢቀርብ ግን የሚዳኝ ሌላ ማስረጃ የለም። ጁላይ 15 ቀን 1195 በተጻፈው ስምምነት ግርጌ ላይ ሦስተኛ ቅጂ አግድም ተጨመረ፤ ይህም ግምጃ ቤት ገብቶ እንዲቀመጥ ነው። አሠራሩ በሊቀ ጳጳሱ ትእዛዝ መጀመሩ በዚያው ብራና ጀርባ ተጽፏል። ከተዋዋዮቹ አንዱ ደግሞ የገዛ ወንድሙ ቲዮባልድ ነው! ይህን ሰው ከጦር አዛዦች ሁሉ አስበልጬ የማደንቀው በዚህች ብልሃት ነው።

ባየኋቸው ግርጌዎች (ግምጃ ቤት በገቡት ሦስተኛ ቅጂዎች) ላይ ቁርጡ ቀጥ አይልም፤ ይሞገዳል። በላይኛው ጠርዝ ላይ ግማሽ ፊደሎች ቀርተዋል፤ ቀሪው ግማሽ ከባለጉዳዮቹ ጋር ሄዷል። ሐሰተኛ ቅጂ እዚህ ጠርዝ ላይ ሲደረግ አይገጥምም። አሠራሩ በ1833 በሕግ እስኪሻር ዘልቋል።

ፈላጊውን የሚያስቸግረው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ሰነዶቹ በአውራጃና በንጉሡ ዘመን ስለተደረደሩ፣ የሪቻርድ ዓመት ደግሞ ከሴፕቴምበር 3 ስለሚጀምር፣ ጁላይ 1195 የሚገኘው በ6ኛው ዓመት ሥር ነው።